ፕሮሰሰር ይዞ የሮጠ ሰው

ለልጄ ለሱራፌል፤ ባለህበት ዕረፍት ይብዛልህ።

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍሁልህ፣ ለሙት ደብዳቤ መጻፍ ከቁም ነገር የማይቈጠር ሥራ መስሎ ስለ ታየኝ ነው። ዛሬ ግን የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሊሰማኝ የሚገባውም ከአንተ በቀር ማንም የለም። ጽሕፈቴ ተንጋዶ ብታየው አትደነቅ፤ ቀኝ ክንዴ በጀሶ ታስሯልና የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች ስትዘልቅ ታገኘዋለህ።

አስቀድሜ የቤቱን ነገር ላስታውቅህ። እናትህ ደኅና ናት። ደኅና ናት ስልህ ትነሣለች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ትተኛለች ማለቴ ነው። አማኑኤል ተሳልማ ስትመለስ ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ጋ ስትደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታልፋለች። እነ እትዬ አስካለ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሠፈሩን ለቀዋል፤ ቤታቸው ፈርሶ ፎቅ ሊሠራበት አጥሩ ሥር ፌሮ ብረት ተከምሯል። መብራት እንደ ዱሮው በፈቀደው ሰዓት ይመጣል፤ በፈቀደው ሰዓት ይሄዳል።

ጌም ቤትህ አልተዘጋም። ወደ መንገዱ የዞረችውን ክፍል ወንድምህ ሚካኤል ተረክቦ ያሠራታል። ነገር ግን ኮምፒውተሮቹ አርጅተዋል፤ ይልቁንም አንተ «ዋናው» የምትለው፣ ተጫዋቹ ሁሉ የሚሻማበት፣ በተኩስ ጨዋታው መካከል ቀጥ ይላል። በኮምፒውተሩ መስታወት ውስጥ ያለው ወታደር ጠመንጃውን እንደ ደገነ፣ ጥይቱ ከአፈ ሙዙ ሳይወጣ፣ ይደርቃል። ጎረምሶቹ ጠረጴዛውን በቡጢ ይደበድባሉ፤ የሚሳደቡትን እዚህ አልጽፈውም። ያን ጨዋታ ሰው መግደልን የሚያለማምድ ነው እያልሁ እነቅፈው እንደ ነበር ታስታውሳለህ። አስተያየቴን አልለወጥሁም። ነገር ግን የተገደለው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልብሱን እንኳ ሳያራግፍ ተነሥቶ ሲሮጥ ቆሜ የማይበት ቀን አለ።

ከአንተ ጋራ ካሳለፍነው ሁሉ አዘውትሬ የማስታውሰው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ የእናትህን የተተኰሰ ጨርቅ አንጥፈህ አንዱን ኮምፒውተር እንደ ታረደ በግ በታትነኸው ነበር። «ይህ ምንድን ነው?» ብልህ «ማዘርቦርድ ነው» ብለህ ሥራህን ቀጠልህ። ስሙን ሳይሆን ምንነቱን ነው የጠየቅሁህ አልሁህ። ዊንጩን አስቀምጠህ አሰብህና «ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትና እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሰሌዳ» አልኸኝ። ፕሮሰሰሩንስ ብልህ «ለሁሉም የሚያስበው» አልህ። ደግ ትርጓሜ ነበር፤ እንደ ወደድሁት ከፊቴ ሳታውቅ አልቀረህም።

አሟሟትህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሆኖም ገበያው እያጣመመ ስለሚያወራው እንደ ሆነው አድርጌ ላስፍረው።

የመርካቶ ነጋዴ የጠየቅኸው ዕቃ ባይኖረው «የለኝም» አይልም። «ቁጭ በል፣ ላምጣልህ» ብሎ ከጎረቤቱ ሱቅ ይዞ ይመጣል። ወረቀት አይጻፍም፤ ፊርማ አይጠየቅም፤ መተዋወቁ ይበቃል። የታወቀ ደንበኛ የሆነ ሰውማ ራሱ ሄዶ አንሥቶ ይመጣል። አንተ የታወቅህ ደንበኛ ነበርህ። በዚያን ቀን ማዘርቦርዱን ከአንድ ሱቅ መርጠህ፣ ከእርሱ ጋራ የሚገጥመውን ፕሮሰሰር ልትሞክር ከሐጂ ከማል ሱቅ ልታነሣ ሄድህ። ሐጂም «ውሰድ፣ ሞክረው» ብለውህ ወደ ሶላታቸው ሄዱ። ዝናብ ጀመረ። ፕሮሰሰሩ እንዳይረጥብ በመዳፍህ ጨብጠህ ሮጥህ። በዚያች ቅጽበት ከጓዳው ካርቶን ተሸክሞ የወጣው ደረጀ የሚባለው የሐጂ አዲስ ሻጭ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ አንተንም የገበያውንም ልማድ አያውቅም። ያየው ከባንኮኒው ዕቃ አንሥቶ የሚሮጥ ሰው ነው። «ሌባ» ብሎ ጮኸ።

መርካቶ ውስጥ ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ባለጋሪ የጋሪውን እንጨት ነቅሎ ጉልበትህን መታህ፤ ከወደቅህ በኋላ ግን ባለጋሪ፣ ወዛደር፣ ጫማ ጠራጊ፣ ክራቫት ያሰረ ሳይቀር መጣብህ። አንዱ በሁለት እግሩ ደረትህ ላይ ዘለለ። አንዲት ሴት በያዘችው ጃንጥላ ጫፍ ወጋችህ። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው የሸቀጥ ከረጢቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ መጥቶ፣ ረግጦህ፣ ከረጢቱን አንሥቶ ሄደ። ሐጂ ከማል በባዶ እግራቸው «ደንበኛዬ ነው፣ ደንበኛዬ ነው» እያሉ ሲደርሱ መተንፈስህን አቁመህ ነበር። በሆስፒታሉ የተጨበጠ እጅህን ያላቀቀችው ነርስ የፕሮሰሰሩን ቀጫጭን የብረት እግሮች ከመዳፍህ ሥጋ ውስጥ በወረንጦ ለቀመቻቸው። ይህን ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ለእናትህ አልነገርኋትም።

የመታህ ብዙ ነው፤ የተከሰሰ ግን የለም። ፖሊስ የጠየቀው ሁሉ «እኔ ስደርስ ወድቆ ነበር» አለ። ደረጀ ታስሮ ተፈታ፤ ጮኸ እንጂ አልመታም ተባለ። ሐጂ ከማል ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ወንበር ቢሰጣቸው እምቢ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ እጃቸውን ጨበጥሁ። ሚካኤል አልጨበጣቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድምህ ከቤቱ ሰው ጋራ የሚነጋገረው በሚያስፈልግ ብቻ ሆነ። ባለፈው በጋ፣ ከምሳ በኋላ እኔ ስጋደም፣ ከጓሮ ብረት በድንጋይ ሲሳል መስማት ጀመርሁ። አንድ ቀን እርሱ በሌለበት የጌም ቤቱን ባንኮኒ ሥር ብዳብስ ከአጥሩ ሥር የተወሰደ፣ ክንድ የማይሞላ ፌሮ አገኘሁ። ጫፉ እንደ ወስፌ ሹል ነው፤ መያዣው በጨርቅ ተጠምጥሟል። መልሼ አኖርሁት። ብወስድበት ሌላ ይስላል፤ ፌሮው እንደሆነ በክምር አለ።

በሳምንቱ ምሳ ላይ «ዋናው ኮምፒውተር ከዚህ በላይ አይገፋም፤ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ መለወጥ አለበት፤ ነገ መርካቶ ወርጄ እመጣለሁ» አለ። ዐይኑ ከሳህኑ አልተነሣም። እናትህ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አልሁት።

«አባባ፣ እርስዎ ስለ ፕሮሰሰር ምን ያውቃሉ?»

«ምንም አላውቅም። እስካውቅ ድረስ አንተም አትሄድም።»

ይህን ያልሁት ቀን ለመግዛት ብዬ ነበር። ግን ቃሌን አክብሬ ተማርሁ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወንበሬን ጌም ቤት አስገብቼ ጎረምሶቹን በየተራ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ቆይተው ግን እኔን ለማስረዳት እርስ በርሳቸው መጣላት ጀመሩ። ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ሶኬቱ መሆኑን፣ ማለት ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መቀመጫ መሆኑን፣ ተረዳሁ፤ መቀመጫው ካልገጠመ ዋጋውም ዝናውም ከንቱ ነው። መቀመጫው ቢገጥም እንኳ ሰሌዳው ከፕሮሰሰሩ በፊት የተሠራ ከሆነ ላያውቀው ይችላል። ርካሽ ሰሌዳ ብርቱ ፕሮሰሰር ቢጭኑበት የሚመግበውን ኀይል መሸከም ተስኖት ይግላል፤ እንደ እኛ ያለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥማ ይቃጠላል። ለጨዋታ ደግሞ ብዙ ኮር፣ ማለት ብዙ አሳቢ ክፍል፣ ያለው ዘገምተኛ ፕሮሰሰር ከሚገዛ፣ ጥቂት ኮር ኖሮት ፈጣን የሆነው ይመረጣል። «ብዙ ዘበኛ ከመቅጠር አንድ የማይተኛ ይሻላል ማለት ነው?» ብላቸው ተያይተው «ጋሼ ገባቸው» አሉ።

ወንድምህ ይህን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ ያዳምጥ ነበር። ስሳሳት ያርመኛል። እኔን ማረም ደስ የማይለው ሰው እንደሌለ መቼም ታውቃለህ። ከጥቂት ቀን በኋላ የብረቱ ድምፅ ስለ ቆመ ነገሩ የበረደለት መሰለኝ። ድምፁ የቆመው የፌሮው መሳል ስላለቀ ሊሆን እንደሚችል ግን አልዘነጋሁም። ስለዚህ በሄድንበት ጧት፣ ፀሐይ እየጠበሰችን ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሲወጣ ሳይ፣ እንደሚደክመው ሽማግሌ ሆኜ ቀኝ ክንዱን ያዝሁ። በጭድ ተራ አድርገን ሽቅብ ስንወጣ ክንዱን ሊያስለቅቀኝ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉልበቴን አመመኝ አልሁ።

ከሐጂ ከማል ሱቅ የራቀውን አዲሱን ሕንፃ መረጥሁ። ሻጮቹ ክራቫቴንና ከዘራዬን እያዩ ይጠቃቀሱ ጀመር።

«ፋዘር፣ ጌም ነው የሚጫወቱት?» አለኝ አንዱ።

«አይደለም፤ አስጫዋች ነኝ። ይህች ሰሌዳ ሶኬቷ የትኛው ነው?»

«እሷ ሁሉንም ትሸከማለች፣ ፋዘር። ያሻዎትን ይጫኑባት።»

«ሁሉን የሚሸከም አህያ እንኳ አላየሁም። ሶኬቷን አሳየኝ።»

ጎረቤቱ ያለው ሻጭ በሳቅ ፈነዳ። «ዛሬ ገባልህ፤ ፈተና ነው የመጣብህ» አለው።

ከሱቅ ሱቅ እንዲህ እያደረግሁ ገተትሁት። ግቤ ማስመሸት ነበር፤ ምርጫውን እያራዘምሁ ልጄን ባንኮኒ ላይ ማዋል። በመጨረሻ የገባንበት ሱቅ ሻጩ አንድ አሮጌ ሰሌዳ አውጥቶ አዲስ የተሠራ ፕሮሰሰር ሊያጋባላት ሲነሣ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ሚካኤል ተቈጣ። እውነተኛ ቍጣ ነበር፤ የባለሙያ ቍጣ።

«አይገጥምም» አለው።

«ይገጥማል፣ ብሮ። ሶኬቱ አንድ ነው።»

«ሶኬቱ አንድ ቢሆንስ? ሰሌዳው አያውቀውም። ቢያውቀውም አይችለውም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀልጦ ነው የሚጠብቅህ። እንኳን ለደንበኛ ለጠላትህ ትሸጣለህ?»

ሻጩም አልበገር አለ። ሚካኤል በመስታወቱ አቧራ ላይ በጣቱ ኀይሉ የሚያልፍበትን እየሣለ ያስረዳው ጀመር፤ ጎረቤቶቹ ሻጮች ተሰበሰቡ፤ ከፊሉ ለእርሱ፣ ከፊሉ ለሻጩ ፈረደ። ክንዱን የለቀቅሁት ያን ጊዜ ነው። በእጁ ይሥል ዘንድ እጁ ነጻ መሆን ነበረበት። ፊቱ አንተ ቤት ሳለህ የነበረው ፊት ሆኖ ነበር፤ ጆሮውም ቀልቶ ነበር።

ሻጩ ተረታ። ሚካኤል መካከለኛ ዋጋ ያላትን፣ አራት የራም፣ ማለት የማስታወሻ፣ መሰኪያ ያላትን ሰሌዳ መረጠ፤ እኔም መርምሬ አጸደቅሁ። የሚስማማትን ፕሮሰሰር ስም ሲናገር ሻጩ ስልኩን አነሣና «እሱ እኔ ጋ የለም፤ ቁጭ በሉ፣ ላስመጣላችሁ» አለ። ቁጭ አልን። ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ የለም፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ትንሿን ሣጥን ጨብጦ በመተላለፊያው የመጣው ደረጀ ነበር።

ሚካኤልን ሲያይ ቆመ። ታስሮ በነበረ ጊዜ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ያውቀዋል። ሚካኤልም ተነሣ፤ እጁ ወደ ጃኬቱ ገባ። እኔ ከወንበሩ ለመነሣት ከዘራዬን ስፈልግ ደረጀ ዞሮ ሮጠ፤ ሣጥኑን ግን አልጣለም፤ የተላከበት ዕቃ ነውና።

ልጄ፣ ወንድምህ ብረቱን አላወጣውም። አላስፈለገውም። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ አፉን ከፈተና «ሌባ» አለ። የመጀመሪያው ቀሰስ ያለ ነበር፤ ቃሉ ይሠራ እንደሆነ እንደሚሞክር። ሁለተኛው ሕንፃውን አናወጠው።

ደረጀን ከሕንፃው በር ላይ ጣሉት። አንዱ በካርቶን ማሰሪያ ብረት ፊቱን ገረፈው፤ ሌላው የመንገድ ጥርብ ድንጋይ ይዞ ሮጦ መጣ። ደርሼ «በሕግ አምላክ» አልሁ። በእኔ ወጣትነት በዚህ ቃል የተገዘተ ሰው የሰነዘረውን እጅ አየር ላይ ያቆም ነበር። ደግሜ፣ ሠልሼ ጮኽሁ። አንዱ ወዛደር ትከሻዬን በጨዋ ደንብ ይዞ «አባት፣ ደም እንዳይነካዎት ዞር ይበሉ» አለኝና ተመልሶ ይረግጠው ጀመር። ከዘራዬን በጀርባው ላይ ሰበርሁት። የተረፈውን ጕማጅ ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ መታሁ፤ የአንዱ አፍንጫ ከጕማጁ ሥር ሲደቅ ተሰምቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው መትቼ አላውቅም ነበር፤ እጄ ግን የት መምታት እንዳለበት አልጠፋውም። አንድም ሰው ወደ ኋላ አላለም። በዚያ ጊዜ ሌላ መንገድ ስላልታየኝ ደረጀ ላይ ተደፋሁ።

ከሥሬ ሆኖ «አልወሰድኩም፣ አልወሰድኩም» ይላል፤ ትንፋሹ ደም ደም እያለ አንገቴ ውስጥ ይገባል። አንተም እንዲህ ብለህ ይሆን እያልሁ ጭንቅላቱን በክንዴ ሸፈንሁ። ለእርሱ የተሰነዘረው ጥርብ ክንዴ ላይ አረፈ። ዐጥንት ሲሰበር ደረቅ ጭራሮ ሲቀነጠስ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ቀጥሎም ጎኔን፣ ቀጥሎም ጆሮዬን መቱኝ።

ሚካኤል ያየኝ ያን ጊዜ ነው። ፌሮውን አውጥቶ እየመታ ገባ፤ የአንዱን ትከሻ ሰንጥቆ የሌላውን መዳፍ ወጋ። ሰው እየጮኸ ተበተነና ከበበን። ወንድምህ እኔንና ደረጀን በእግሮቹ መካከል አድርጎ፣ ደም ያንጠባጠበውን ብረት ዙሪያውን እያዞረ ቆመ። ማንም አልቀረበም።

ከመካከላቸው አንዱ፣ ጥርቡን የያዘው፣ «ግን ምን ሰርቆ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እየመታ ሳለ ያልጠየቀውን ማለት ነው። ሌላው «ሌባ ያለው ማነው?» አለ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ወንድምህ ዝም ቢል በዚያው ያልፍ ነበር፤ በአንተ ላይ እንዳለፈው።

ሚካኤል ፌሮውን ድንጋዩ ላይ ጣለው። «እኔ ነኝ» አለ። «ምንም አልሰረቀም። ዋሽቼ ነው።»

ያን ጊዜ እርሱ ላይ ወረዱበት። እጁን አላነሣም። ጥርሶቹ ሲወልቁ አይቻለሁ። ሐጂ ከማል ወሬውን ሰምተው ደርሰው፣ ከዚያ ከተከራከርነው ሻጭ ጋራ ሆነው ሦስታችንንም እየጎተቱ ከታችኛው ሱቅ አስገብተው የቆርቆሮ መዝጊያውን ቁልቁል አወረዱት። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ከውጭ በድንጋይ ይደበድቡት ነበር፤ ድብደባው ከውስጥ ሲሰማ በረዶ ይመስላል።

ሐጂ ጥምጣማቸውን ቀድደው የደረጀን ዐይን አሰሩለት። እርሱም በቀረው ዐይኑ ሚካኤልን እያየ «ወንድምህን አላወቅኩትም ነበር። የዛን ቀንም ተነሥቼ ነው የጮኽኩት፣ ሳላጣራ» አለው። ሚካኤል ደም ተፋ። ይቅር ተባባሉ ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል። ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም ደሙ፤ ሌላ ነገር አልሆነም።

ፖሊስ መጣ፤ ጠየቀ፤ ገበያው «አላየንም» አለ። ባልታወቁ ሰዎች ተደበደቡ ተብሎ ሊያልቅ ሆነ። ሐጂም በሽምግልና እንዲያልቅ ሽማግሌ እንደሚልኩ ነገሩኝ፤ አሳባቸው ደግ ነበር። እኔ ግን ልጄን በቤቴ አስቀምጬ ያን «አላየንም» የሚል ቃል ደግሜ ልሰማው አልቻልሁም። ቍስሉ ጠገግ ሲል ጠራሁትና «ጣቢያ እንሄዳለን» አልሁት። «እሺ» አለ። ሲጠብቀኝ እንደ ቆየ ከአነጋገሩ አወቅሁ።

እናትህ በሩ ላይ ቆመች። «አንዱን ገበያው በላብኝ፤ ሁለተኛውን አንተ በእጅህ ልታስረክብብኝ ነው?» አለችኝ። በግራ እጄ ክራቫቴን ለማሰር ስታገል ብዙ ቆየች፤ ከዚያ መጥታ አሰረችልኝ፤ ኮሌታዬንም አስተካከለች፤ ሚካኤልን ግንባሩን ሳመችውና ከበሩ ገለል አለች።

ተረኛው መኰንን ነገሩን ሰምቶ «ጋሼ፣ የከሰሰው እኮ የለም፤ ይዘውት ይሂዱ» አለኝ። ሚካኤል ባበጠ አፉ «ይጻፍልኝ» አለ። «ሌባ ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሌባ እንዳልሆነ እያወቅኩ ነው። ብረትም ይዤ ነበር፤ ሁለት ሰው ወግቻለሁ።» መኰንኑ ብዕሩን አንሥቶ ወደ እኔ አየ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጻፈው።

አሁን ወንድምህ ታስሮ ቀጠሮውን ይጠባበቃል። ደረጀ ተርፏል፤ አንደኛው ዐይኑ ግን አይመለስለትም። ቃሉን ሲጠየቅ የሆነውን እንደ ሆነ ተናገረ፤ አላከበደም፣ አላቀለለም። ምን ያህል እንደሚፈረድ አላውቅም፤ እንዳይፈረድበትም አልጸልይም። የምጸልየው ወጥቶ ለማየት እንድደርስ ነው።

አንተ የወደቅህበት መንገድ ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዛሬም ገበያቸው ላይ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል «እኔ ነኝ» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ወንድምህ ግን «እኔ ነኝ» አለ። በጥርሱና በነጻነቱ ከፍሎ አለ። ይህን ልነግርህ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ምሳ ዕቃ ይዤ ስሄድ በሽቦው ማዶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ማዘርቦርዱ ነው። «ያቺኑ ይግዙ፤ ፕሮሰሰሩን ሲያስቀምጡት እንዳይጫኑት፤ ከገጠመ ራሱ ይወርዳል» ይለኛል። ጀሶው ሲፈታልኝ እገዛዋለሁ። እስከዚያው ጌም ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ጎረምሶቹም ለምደውኛል።

ትናንት አንዱ ተጫዋች እርሱ ሊገድለው የነበረውን ወታደር ጓደኛው ቀድሞ ስለ ገደለበት «ሌባ» አለው። በሣቅ ነው ያለው። ተነሥቼ የመብራቱን ማብሪያ ወደ ታች አወረድሁት፤ መስታወቶቹ ሁሉ ጨለሙ። «ጋሼ፣ ምነው?» አሉ። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞርሁና ማን እንደ ነበርህ፣ ፕሮሰሰሩን በማን ፈቃድ እንዳነሣህ፣ ለምን እንደ ሮጥህ፣ ማን ምን ብሎ እንደ ጮኸ፣ ወንድምህም ምን እንዳደረገና የት እንዳለ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ያ ተጫዋች ሂሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ከበሩ ተመልሶ ጓደኛውን በስሙ ጠራና ይቅርታ ጠየቀው።

ቃል የምገባልህ ይህን ነው። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ወደዚያች ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ ከመጫወቱ በፊት ይህን ከአፌ ይሰማል፤ እኔ ሳልፍ ደግሞ ወንድምህ ይነግረዋል፤ የራሱንም ጨምሮ።

አባትህ